ፍጥነት በስፖኪዮ ሲለካ

ጋሼ መኪናው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። አራቱንም ጎማዎች በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓቸው። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩና ስኮርታው ከኋላ ወለሉ ሥር በደንብ መታሰሩን አረጋገጡ። ከዚያ ቀና ብለው «ክሪኩንስ አውጥተህ አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ገና ሳይነጋ፣ ከግቢው ሳንወጣ፣ ክሪኩን ከነመፍቻው አውጥተን አየንና መልሰን ቦታው አስገባነው።

ጋሼ የሰፈሬ ሰው ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነው አርሲንና ባሌን አካለዋል፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። አብረውኝ እንዲሄዱ የለመንኳቸው መንገዱን ስለሚያውቁ ነበር። ከመንገዱ የበለጠ የሚያውቁት ነገር እንዳለ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ነው።

መኪናው ላንድክሩዘር 300 ነው፤ ናፍጣ። ባለቤቱ የእህቴ ባል ነው። ስለ መኪናው መጻፍ እንደምፈልግ ስነግረው «ሱቅ ደርሰህ ተመልሰህ ስለዚህ መኪና አትጻፍ። ስምንት ቀን ውሰደውና ተራራ ላይ ፈትነው» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከመከልከሏ በፊት የገባ ነው። እንዲህ ያለው ትልቅ የናፍጣ መኪና በመንገዳችን ላይ እየቀነሰ መሄዱ አይቀርም። እኔም ዘመኑ ሳያልፍ በደንብ ላውቀው ፈለግሁ።

ከአዲስ አበባ የወጣነው በቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ነው። ልንደርስበት ያሰብነው በባሌ የሳነቲ አምባ ላይ ያለው ጫፍም ስሙ ቱሉ ዲምቱ ነው። በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ከአንዱ ቀይ ኮረብታ ተነስተን ወደ ሌላው ቀይ ኮረብታ መጓዛችንን ጋሼ ሲነግሩኝ ጉዞው ገና ሳይጀመር ቅርጽ ያዘልኝ።

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረ፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ለእንዲህ ዓይነት መኪና የተመቸ ሜዳ ነው። ሞተሩ 3.3 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ተርቦ ያለው ነው፤ ጉልበቱ 300 የፈረስ ጉልበት ያልፋል። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ግን 700 ኒውተን ሜትር ቶርኩ ነው። ሞተሩ ገና በደቂቃ 1,600 ዙር ሲዞር ይህን ጉልበት ሙሉ በሙሉ ይሰጣል። ነዳጅ መስጫውን በእግር ጣት ብቻ ነካ ሲያደርጉት ሁለት ቶን ተኩል የሚያህለው ብረት እንደ በሬ በጸጥታ ይስባል። ማርሹ አሥር ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር ለማወቅ ጆሮዬን አቀናሁ፣ አልሰማሁም።

ዱከምን እንዳለፍን ጋሼ «ስንት ላይ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«መቶ ላይ ነኝ፣ ጋሼ።»

ሰሌዳውን ዘንበል ብለው አዩትና ወደ መስኮቱ ተመለሱ። «ስድሳ መስሎኝ ነበር» አሉ። የተናገሩት ለራሳቸው ይመስል ነበር፤ እኔም ለመኪናው የተሰጠ ምስጋና አድርጌ ወሰድኩት።

ምስጋና ደግሞ ይገባዋል። ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፤ ኮፈኑ ከፊት እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ይታያል፤ ጠርዙ የት እንደሚያልቅ ስለሚታወቅ ስፋቱ አያስጨንቅም። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ85 ሳንቲም ነው። ይህ ልክ ከ80 ሞዴል ጀምሮ በ100ም፣ በ200ም፣ በዚህኛውም አልተለወጠም። ሠሪዎቹ ሞተሩንና ሻንሲውን ሁሉ አዲስ ሲያደርጉ ይህችን ልክ ያልነኳት ኮረኮንች ላይ የተፈተነች ስለሆነች ነው ይባላል። ክብደቱን ግን ከቀዳሚው በ200 ኪሎ ገደማ ቀንሰውለታል፤ ኩርባ ላይ ሲታጠፍ ልዩነቱ ይሰማል።

የቀዳሚው የ200 ስም በአገራችን የታወቀ ነው። ስምንት ሲሊንደር ስለነበረው «ቪኤይት» ተባለ፤ ቃሉም ከሞተር ስም አልፎ የሹመት ስም ሆነ። ይህኛው ስምንት ሲሊንደር የለውም። ሆኖም አዳማ ላይ ቁርስ በልተን ስንወጣ መኪና ጠባቂው ልጅ «ቪኤይቱን ወደ ኋላ ላስወጣልዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ልዎት» ያለው ለእኔ ነው፤ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ አጠገቤ ቆመው። አፈርኩ። ሰው መኪናውን አይቶ ለነጂው የሚሰጠው ክብር ቶሎ ይለመዳል፤ ሲለመድም የራስ መብት ይመስላል።

ከአዳማ አዋሽን ተሻግረን በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ ወጣን። ወሩ ኅዳር ነው። የአርሲ ስንዴ ደርሷል፤ ኮምባይነሮች በየማሳው ቆመዋል፤ በስተግራ ጭላሎ ደመና ተሸክሞ ይታያል። ጋሼ ይህን መንገድ በወጣትነታቸው የነዱት በ40 ሞዴሉ ላንድክሩዘር ነበር። ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። «በባሌስትራ የተሠራ ነው። እያንዳንዷን ድንጋይ በመሪው ትነግርሃለች። ከአሰላ በቆጂ ስደርስ ክንዴ ላይ መንገዱ ተጽፎ ነበር የሚቀረው» አሉኝ።

የዚህ መኪና ዘር ገና ሲወለድ የተፈተነው ተራራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ቶዮታ ቢጄ የተባለውን የመጀመሪያ ናሙና ሠርቶ በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ አስወጣው። ላንድክሩዘር የሚለው ስም የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያ ሽቅብ የወጣ ናሙና ሬድዮም ማሞቂያም የሚያምር ወንበርም አልነበረውም፤ ተፈላጊው መውጣቱና መመለሱ ነበር። ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ የልጅ ልጁ ቆዳ የለበሰ ወንበር ይዞ እዚህ ደርሷል። ሥራው ግን ያው ነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው በቆጂ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡባት ከተማ ናት። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ከከተማው ስንወጣ ከፊታችን ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች በሰልፍ ይሮጣሉ። ከትንፋሻቸው ጭስ የሚመስል እንፋሎት ይወጣል። ማለፍ እችል ነበር፤ ግን መንገዱ ጠባብ ነበርና ፍሬቻ አብርቼ ከኋላቸው ተከተልኩ። የፍጥነት ሰሌዳው 16 ይላል። መኪናው ማርሹን ዝቅ አድርጎ ምንም ሳይንቀጠቀጥ ተከተላቸው። የአንዷ ልጅ የጫማ ሶል ጠርዙ ላይ ተልጦ መሬቱን መታ ሲያደርግ ይታየኛል። ጸጉሯን ያሰረችበትን አረንጓዴ ጨርቅ እስካሁን አልረሳሁትም።

እዚያው እየነዳሁ አንድ ስሌት መጣብኝ። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ ለ15 ዓመት የቆየ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ሲካፈል በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይህ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ከደረሰበት የፍጥነት ጣሪያ አንዱ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቀን በፊት በእግሬ ጣት ብቻ መቶ ላይ ስወጣ ጋሼ ስድሳ መስሏቸው ነበር። ስሌቱን ለጋሼ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ያዛት፤ ትጠቅምሃለች» አሉ።

ዶዶላን ካለፍን በኋላ አስፋልቱ ተቆፍሮ እየተጠገነ ነበርና ወደ ተለዋጭ የአፈር መንገድ ወረድን። እንደ እውነቱ ከሆነ የመኪናውን ብቃት ያየሁት እዚያ ነው። ሌላ መኪና ተሳፋሪውን የሚያናውጥባቸውን ጉድጓዶች ይህ እንደ ለስላሳ ሞገድ አለፋቸው። መሪው በእጄ ላይ አልተንቀጠቀጠም፤ የቡና ስኒያችን ላይ ያለው ቡና አልፈሰሰም። ደስ አለኝ፤ ነዳጅ ጨመርኩ። ሰሌዳው ስድሳ ሲል ለእኔ ሠላሳ ነበር። በቀኝ በኩል ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ በበቅሎ ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ራቅ ብዬ አለፍኳቸው። በጥንቃቄ ያለፍኩ መስሎኝ ነበር።

«አሁን በስፖኪዮ እያቸው» አሉ ጋሼ።

አየሁ። መጀመሪያ የታየኝ ቡናማ አቧራ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ሲገለጥ ልጆቹ ደብተራቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ስበዋል፤ በቅሎዋ ከመንገዱ ወጥታ ወደ ማሳው ዞራለች። ልጓሟን በአንድ እጃቸው ሊይዙ እየታገሉ ነበር።

«ሰውየው ጋቢውን ወደ አፉ ከወሰደ ፈጥነሃል። ካልወሰደ ልክ ነህ» አሉኝ። «ያኛው ሰሌዳ የሚናገረው ለሾፌሩ ነው። ስለ እግረኛው የሚነግርህ ስፖኪዮው ነው። እኔ ሥራ ስጀምር ያስተማረኝ አለቃዬ የነገረኝ ይህንኑ ነው።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። ለዚህ ነው የከበደኝ።

ከዚያ እስከ ዲንሾ ድረስ ብዙ አልተነጋገርንም፤ እኔ ግን ነገሩን ከራሴ ጋር ሳወጣና ሳወርድ ነበር። በ40ው ሞዴል ዘመን ስድሳ የሚነዳ ሾፌር ስድሳውን ራሱ ይቀምሰው ነበር፤ በባሌስትራው፣ በመሪው፣ በጥርሱ። አቧራውም በመስኮቱ ገብቶ ከመንገደኛው ጋር ያካፍለው ነበር። አሁን በእኔና በመንገዱ መካከል ወፍራም መስታወት፣ ጠንካራ ሻንሲ፣ ለስላሳ ሞላ አለ። ምቾቱ ለእኔ ያቀለለውን ሁሉ መንገድ ዳር ለቆመው ሰው አላቀለለለትም። ድንጋዩ ለእሱ ያው ድንጋይ፣ አቧራው ያው አቧራ፣ ስድሳውም ሙሉ ስድሳ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ እኩል አያድግም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ቶን ተኩል ብረት በቀነኒሳ ፍጥነትና በስድሳ ሲሄድ ያለው የጉልበት ልዩነት ሰባት እጥፍ ያህል ነው። እኔ ወንበሩ ላይ ሆኜ ይህን ሰባት እጥፍ አልሰማሁትም።

ይህ የመኪናው ጉድለት አይደለም። መኪናው የተሠራው እንዳይሰማኝ ነው፤ ሥራውን በሚገባ ሠራ። እንዳይሰማኝ የተደረገውን ፈልጎ ማየት የነጂው ድርሻ ነው።

ዲንሾ ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት አለ። ጥዱና ኮሶው መሃል የደጋ አጋዘን ቆሞ አየን፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሮቤ አደርን። ሌሊቱ ብርድ ነበር፤ ጠዋት መስታወቱ ላይ ስስ አመዳይ ጋግሮ አገኘነው።

ጎባን ለቅቀን ሽቅብ ስንወጣ አስፋልቱ ቀረ። ጥዱ አለፈ፣ አስታው አለፈ፣ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ሰው የሚያህሉ ጅብራዎች ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። የሳነቲ አምባ ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ያ የመጀመሪያው ናሙና የተፈተነበት የፉጂ ተራራ ጫፉ 3,776 ሜትር ነው፤ እኛ በሰፊው ሜዳ ላይ የምንነዳው ከጃፓን ጫፍ በላይ ሆነን ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ድሮ ካርቡራተር ያላቸው የቤንዚን ሞተሮች ሽቅብ በወጡ ቁጥር፣ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበታቸው አንድ አሥረኛ ያህል ይተዉ ነበር። ጋሼ ያን ዘመን ሲያስታውሱ «ሞተሩም እንደ ሰው ያለከልካል» አሉ። ተርቦ ያለው ሞተር ግን ራሱ የሚያስወጣውን ጭስ ተጠቅሞ የሳሳውን አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። እኔ ደረጃ እንደወጣ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረኝና ራሴን ሲወጋኝ መኪናው አሰላ ላይ እንደነበረው ነበር። ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ወደ 4,377 ሜትር፣ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብተን ወጣን። ጎማዎቹ የተበተነውን ጠጠር ቀስ ብለው እየነከሱ ሲወጡ የነበረውን መረጋጋት መቼም አልረሳውም። ስንወርድ ጋሼ «ፍሬን አትርገጥ፤ በማርሽ ያዘው» አሉኝ። በማርሽ ያዝኩት፤ እንደታሰረ ሆኖ ወረደ።

አምባው ላይ የነዳሁት በ23 ነው። መንገዱ ስድሳ ያስነዳ ነበር። ግን በቆጂ ላይ ያገኘሁትን ቁጥር ይዤ፣ ቀነኒሳ ከፊቴ የሚሮጥ ይመስል፣ ከዚያ አላለፍኩም። በዚያ ፍጥነት መስታወቱን ዝቅ አድርጎ መንዳት ይቻላል። ነፋሱ ይሰማል። ከድንጋይ ሥር የሚወጣና የሚገባ አይጥ ይታያል።

ቀይ ቀበሮዋን ያየናት ለዚህ ነው። ከመንገዱ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ጆሮዋን አቁማ፣ አንድ ጉድጓድ ላይ አፍጥጣለች። ሞተሩን አጠፋሁት። ባሌ ውስጥ ብቻ የሚኖር ትልቅ ፍልፈል አለ፤ ከዋና ምግቧ አንዱ እሱ ነው። ለእሱ ብላ ረጅም ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ትጠብቃለች። ጋሼ በሹክሹክታ የአገሬው ሰው «ጄደላ ፈርዳ» እንደሚላት ነገሩኝ፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትላ የእንግዴ ልጁን ስለምትበላ ነው አሉ። በመላው ዓለም ያሉት ቀይ ቀበሮዎች አምስት መቶ እንኳ አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ እዚህ ባሌ ነው። ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። በዚህ በሳነቲ መንገድ ላይ ደግሞ በመኪና የተገጩ አሉ።

ይህን ሳስብ ክብደቱ ታየኝ። እሷ ሃያ ኪሎ አትሞላም። ጋቢ የላትም፣ አፏን አትሸፍንም፣ ለማንም አቤት አትልም። ዶዶላ ላይ እንደነዳሁት ብነዳ ኖሮ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር እሄድ ነበር። ዓይኔ አይቷት እግሬ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ድረስ መሃላችን ያለው መሬት ያልቅ ነበር። በ23 ግን በዚያው ሰከንድ የምሄደው ስድስት ሜትር ተኩል አይሞላም። ከቆምኩ በኋላም ገና ሩቅ ናት። ከአንድ ሩብ ሰዓት በኋላ ዘላ በአፏ ያዘችው። ቀና ብላ አየችንና ወደ ጉብታው ወጣች፤ አልሮጠችም። እኛን ሳትፈራ ሄደች።

ከአምባው ጠርዝ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ከጠፍ ሜዳ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት አስታ፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ጉም ውስጥ መግባት ነው። ሪራ ስንደርስ የጫካ ማር በዳቦ ቀረበልን፤ ቡናውም ከዚያው ጫካ የተለቀመ ነው። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉ። «ጥሩ መኪና ነው» አሉ። «የኔ ዘመን ሾፌር ቢያገኘው ወገቡን አያመውም ነበር። ግን ስለ መንገዱ አይነግርህም። አንተ ነህ የምትጠይቀው።»

ስለ ላንድክሩዘር 300 የምለው ከዚህ አይበልጥም። በስምንት ቀን 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳሁት። ከሜዳ እስከ 4,377 ሜትር ወጣ፤ በብርድም በአቧራም አላንገራገረም። ከነዳኋቸው መኪኖች ሁሉ ሰውን ሳያደክም ሩቅ የሚያደርሰው እሱ ነው። ትልቅነቱ ያጠግባል። ያን ያህል ትልቅ ነገር የሚነዳ ሰው ግን ከሌላው ሁለት እጥፍ መጠየቅ አለበት፤ መኪናው ሳይነግረው የሚቀረው ነገር ብዙ ነውና።

በመልሱ ጉዞ፣ ጎባ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን፣ አፈር መንገዱ ዳር አንዲት እናት የማገዶ ሸክም ተሸክመው ወደ ላይ ይመጣሉ። ጎንበስ ብለው፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘው። ሰሌዳውን አላየሁም። እግሬን አነሳሁ፤ መኪናው በማርሽ እየተያዘ ቀስ አለ። አለፍናቸው። ጋሼ ምንም አላሉም። በስፖኪዮ አየሁ። ሁለቱም እጆቻቸው ገመዱ ላይ ናቸው፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ እንዳለ ነው።